ከእዳሪ የተነበበ ታሪክ

ዛሬ ስለ ዓይነ ምድር ላወራችሁ ነው። አፍንጫችሁን አትያዙ፤ ወደ 200 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ስለሆነው ድንጋይ ሆኗል፣ አይሸትም።

በደቡብ እንግሊዝ፣ ላይም ሪጂስ በምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ፣ ሜሪ አኒንግ የምትባል የአናጢ ልጅ ነበረች (1799–1847)። ከገደል ሥር ቅሪተ አካል እየለቀመች በመሸጥ ነበር የምትተዳደረው። በዚያ ዳርቻ ሰዉ «የቤዞአር ድንጋይ» የሚላቸው ጠምዘዝ ያሉ ድንጋዮች ይገኙ ነበር። ሜሪ አንድ ነገር አስተዋለች፦ ኢክትዮሳውረስ የተባለው የጥንት የባሕር ተሳቢ አፅም ሲወጣ፣ ድንጋዮቹ የሚገኙት ሆዱ በነበረበት ቦታ ነው። ሲሰበሩ ደግሞ ውስጣቸው የዓሣ አጥንትና ቅርፊት ነው። በአንዳንዶቹ ውስጥ የትንንሽ ኢክትዮሳውረሶች አጥንት ሳይቀር ተገኘ። ጥርሱ መብላት እንደሚችል ይነግረናል፤ የገዛ ወገኑን እንደበላ የመሰከረበት ግን እዳሪው ነው።

በ1829 የኦክስፎርዱ ዊልያም ባክላንድ ጉዳዩን ለለንደን የጂኦሎጂ ማኅበር አቀረበ፤ «ኮፕሮላይት» የሚል ስምም አወጣለት። ከግሪክ የተወሰደ ነው፤ የእበት ድንጋይ እንደማለት። እውነቱን ለመናገር ባክላንድ ስሟን ጠቅሷል፤ ከእሷ ገዝተው ሳይጠቅሷት ያለፉ ብዙ ናቸው። ማኅበሩ ግን ሴቶችን በአባልነት የተቀበለው በ1919 ነው። ሜሪ ከሞተች 72 ዓመት አልፏት ነበር።

እኔን የሚቆረቁረኝ ይኼ ነው። ያደግኩት እናቶች እበት በእጃቸው እየጠፈጠፉ ኩበት በሚያደርጉበት አገር ነው። ላሟ ምን እንደበላች፣ ታምማ እንደሆነም እበቷን አይተው ይናገሩ ነበር። ይህንን «እውቀት» ብሎ የጠራው ሰው ግን አልገጠመኝም። ያው ነገር በወረቀት ታትሞ ከባለማዕረግ አፍ ሲወጣ እናጨበጭባለን።

የባክላንድን ድካም አላጣጥልም፤ ማመሳከርና ስም ማውጣትም ሥራ ነው። ነገር ግን ያገኘችውን ድንጋይ አዳራሽ አስገብቶ እሷን ደጅ ማስቀረት ምን ይባላል? ዛሬም ስለ ገበሬው፣ ስለ አርብቶ አደሩ፣ ስለ እናቶች የሚመክሩ ስብሰባዎችን ልብ ብላችሁ እዩ። ምስጋናው በንግግሩ መሐል አይጠፋም። ወንበሩስ?