ግማሹ የኮርማው፣ ግማሹ የላሟ
የጫጫ ጉዞ ማስታወሻ

ሰንዳፋን፣ አለልቱንና ሸኖን አልፌ ጫጫ ስደርስ ፀሐይ ወጥታለች፤ ብርዱ ግን ገና አልለቀቀም። ወሩ ኅዳር ነው፤ ሌሊቱን የጣለው ውርጭ በገብሱ ማሳ ላይ ነጭ ሆኖ ይታያል። በየአጥሩ ሥር ኩበት ተቆልሏል፤ ጀሪካን ያንጠለጠሉ ልጆች ወደ ወተት መሰብሰቢያው ይጣደፋሉ። ደብረ ብርሃን ለመግባት 20 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀራል።

ያመጣኝ የህዋስ አስኳል ነው፤ ሳይንቲስቶቹ ኒውክለስ የሚሉት። በማይክሮስኮፕ ብቻ የሚታየው ይህ ነገር ገበሬ ደጅ ሲሠራ ማየት ለፈለገ፣ ከላም ማዳቀል የቀረበ ቦታ የለም።

አንጎለላ

መጀመሪያ ያመራሁት ወደ አንጎለላ ነው። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከአንኮበር ሌላ የሚቀመጡበት ከተማቸው ነበር፤ ዳግማዊ ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. የተወለዱትም እዚሁ ነው። የእንግሊዙ መልእክተኛ ሻምበል ሀሪስ ወደ ሣህለ ሥላሴ ተልኮ እ.ኤ.አ. በ1841 ሸዋ ሲገባ፣ ለንደን ውስጥ አስኳል ስም ካገኘ ገና አሥር ዓመቱ ነበር። ስሙን የሰጠው ስኮትላንዳዊው የዕፅዋት ሊቅ ሮበርት ብራውን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1831 የኦርኪድን ህዋሳት ሲመረምር በእያንዳንዱ ውስጥ አንድ ድቡልቡል ነገር አይቶ። ብራውን የኛን ሀገር ዕፅዋትም ያውቅ ነበር። ተጓዡ ሄንሪ ሶልት ከኢትዮጵያ ሰብስቦ የወሰዳቸውን ዘርዝሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1814 በታተመው የሶልት የጉዞ መጽሐፍ ላይ በአባሪነት ያወጣው እሱ ነው።

ብራውን ድቡልቡሉን አየ እንጂ ሥራው ምን እንደሆነ አልደረሰበትም። እ.ኤ.አ. በ1869 ስዊዘርላንዳዊው ፍሬድሪክ ሚሸር ከቁስል መግል በወሰዳቸው ነጭ የደም ህዋሳት አስኳል ውስጥ ዛሬ ዲኤንኤ የምንለውን አገኘ። ቀጥሎ የሳልሞን ዓሣ አባላዘር ላይ ሠራ። የወንዴ ዘር ራስ ማለት ከሞላ ጎደል አስኳል ብቻ ስለሆነ ንጹሕ ዲኤንኤ ለማውጣት ተመቸው።

ከበረቱ ደጅ

ረፋዱ ላይ ወደ ጫጫ ተመልሼ፣ ላማቸውን ሊያዳቅሉ ከሚጠብቁ እማማ በረት ደጅ ቆሜ ሳለ የማዳቀል ባለሙያው በሞተር ሳይክል ደረሰ። የመንደሩ ሰው «ዶክተር» ነው የሚለው። ከኋላው ያሰረው ዕቃ ውስጥ ፈሳሽ ናይትሮጅን አለ፤ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ነው።

«እማማ፣ ኮርማ የፈለገችው መቼ ነው?»

«ትናንት ወደ ማታ ጀመራት፤ ስትጮህ ነው ያደረችው ልጄ።»

«እንግዲያው ሰዓቷ ነው» አለ። ማታ የጀመራት በማግስቱ ጠዋት ትዳቀላለች።

ጉሙ ከሚትጎለጎለው ዕቃ በመቆንጠጫ አንዲት ቀጭን ስትሮው አወጣ። ሩብ ሚሊ ሊትር ብቻ ትይዛለች፤ ውስጧ ግን ሚሊዮኖች የወንዴ ዘር አሉ። ለብ ባለ ውኃ ከአንድ ደቂቃ ላነሰ ጊዜ ነክሮ አደረቃት፤ ጫፏን ቆርጦ ረጅሙ ማዳቀያ ላይ ገጠማት። ከዚያ ማዳቀያውን ሸሚዙ ውስጥ፣ ገላው ላይ ወሸቀው። የጫጫ ብርድ ከበረዶ የተረፈውን ዘር በደቂቃ ሊገድልበት ይችላል።

የዘሩ አስኳል ከሌላው ይለያል። በሌላው የሰውነት ህዋስ ውስጥ ዲኤንኤው ሂስቶን በሚባሉ ፕሮቲኖች ላይ፣ ፈትል ቀሰም ላይ እንደሚጠቀለል፣ ተጠቅልሎ ይቀመጣል፤ የሚፈለገው ዘረመል ይተረተርና ይነበባል። በወንዴው ዘር ግን ሂስቶኖቹ አብዛኞቹ ወጥተው ፕሮታሚን የሚባሉ ትንንሽ ፕሮቲኖች ይተካሉ፤ ዲኤንኤው እጅግ ይጠብቃል፣ የሚነበብም የለም። መልሶ የሚፈታው የላሟ እንቁላል ነው።

«ሴት ትሁንልኝ» አሉ እማማ።

ባለሙያው ሳቅ አለ። ፆታው ተለይቶ የሚመጣ አባላዘር እንዳለ፣ የዛሬው ግን ያልተለየው እንደሆነ ነገራቸው። መለየቱ ራሱ የአስኳል ምርምር ውጤት ነው። ኤክስ ክሮሞዞም የያዘው የኮርማ ዘር ዋይ ከያዘው ወደ 4 በመቶ የሚበልጥ ዲኤንኤ አለው፤ ዘሮቹ ቀለም ተነክረው በሌዘር ፊት ሲያልፉ የበለጠ የሚያበራው ሴት የሚሆነው ነው።

«የፈረንጅ ደሟስ በመቶ ስንት ነው?»

«ሃምሳ ናት። ከዚያ እንዳታሳልፍብኝ! የጎረቤቴ ሰባ አምስት ናት፤ ወተቷ ወተት ነው፣ ድርቆሽና ፉርሽካ ግን የሚያጠግባት የለም። ክረምቱንም ስታስል ከረመች።»

ስለዚህ የተመረጠው ስትሮው ንጹሕ የፈረንጅ ዝርያ ከሆነው ሆልስታይን ሳይሆን ከድቅል ኮርማ የተወሰደ ነበር። ስሌቱ አስኳል ውስጥ ነው ያለው፦ ከብት 60 ክሮሞዞም አለው፣ 30ው ከኮርማው፣ 30ው ከላሟ ይመጣል። ከአስኳል ውጭ ያለው ግን እኩል አይደለም። ለህዋሱ ጉልበት የሚያመነጨው ማይቶኮንድሪያ የራሱ ጥቂት ዲኤንኤ አለው፤ ያም ለጥጃዋ ከእናቷ ወገን ብቻ ይወርዳል። ብርዱንና የመኖ እጥረቱን ለምዶ የኖረው የደጋው ከብት ውርስም በላሟ በኩል ያልፋል። የኮርማው ወገን በናይትሮጅን ተጠብቆ ይቆያል፤ የሷ ግን በረቱ ውስጥ ካልተያዘ የትም አይገኝም።

ሲጨርስ የኮርማውን ቁጥር ደብተሩ ላይ ጻፈ። ካልተጻፈ ከዓመታት በኋላ ልጅ ባባቷ ልትዳቀል ትችላለች። «በ21 ቀን ኮርማ ከፈለገች አልያዘችም ማለት ነው፤ ይደውሉልኝ» አላቸው።

እማማ ደብተሩን ተጠግተው አዩ። «የኮርማውን ጻፍክ፤ የሷስ?»

ለላሟ እናት የተተወ ቦታ አልነበረም። «ጻፍ» አሉት፤ «እናቷ ቦራ ትባላለች፣ የጫጫ ናት።» ጠርዙ ላይ ጻፈላቸው።