ፊቱ የተቀባው ሰዓት

አንድ አሮጌ ሰዓት ልግዛ አልግዛ እያለ ሁለት ሳምንት እንቅልፍ ያጣ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ካላያችሁ እኔን እዩኝ። የዶርም ጓደኞቼ «ሞባይልህ ላይ ሰዓት አለ አይደል እንዴ?» እያሉ ቀልደውብኛል። እውነታቸውን ነው። የኔ ጉዳይ ግን ስንት ሰዓት እንደሆነ ማወቅ አልነበረም።

አባቴ ሴይኮ 5 ነበረው። ባትሪ የለውም፤ በእጅ እንቅስቃሴ ራሱን ይሞላል፤ ዕለቱንና ቀኑን በአንዲት መስኮት ያሳያል። አባቴ ቀኑ እኩለ ሌሊት ላይ እንዲቀየርለት ብሎ በፈረንጅ አቆጣጠር ነበር የሚያስተካክለው። ስለዚህ ሰዓት ማንበብ ሲያስተምረኝ «አጭሩ ዘንግ ያለበትን አይደለም፣ ትይዩውን አንብብ» ይለኝ ነበር። ዘንጉ 9 ላይ ከሆነ 3 ሰዓት ነው ማለት ነው። ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ እናቴ ታማ ሆስፒታል ተኛች። እሷ ድና ስትወጣ የአባቴ እጅ ባዶ ነበር። ማናችንም አልጠየቅነው፤ እሱም አልተናገረም።

ባለፈው ክረምት ቤት ለቤት እየዞርኩ ልጆች በማስጠናት ጥቂት ብር አጠራቀምኩ። መርካቶ ውስጥ አንድ ሻጭ ጋ የአባቴን የሚመስል፣ ነጭ ፊት ያለው ሴይኮ 5 አየሁ። ትናንት ከፋብሪካ የወጣ ይመስላል። «ኦርጅናል ነው?» አልኩት። «በደንብ ነዋ! 4,500 ብር።» ቀብድ አስይዤ እዚያው አካባቢ ለሚሠሩ አንድ አዛውንት ሰዓት ሠሪ ወሰድኩት።

ጋሼ አጉሊ መነጽራቸውን ዓይናቸው ላይ ሰክተው ጀርባውን ከፈቱት። «ልጄ፣ ማሽኑ ኦርጅናል ነው። ፊቱ ግን ተቀብቷል» አሉኝ። ምልክቶቹን አንድ በአንድ አሳዩኝ። ከ6 ቁጥር በታች፣ ከፊቱ ጠርዝ ላይ መኖር የነበረበት ደቃቅ የኮድ ጽሑፍ የለም። ፊደሎቹ ወፍራም ናቸው፤ የደቂቃ ሰረዞቹ ከሰዓት ምልክቶቹ ጋር በትክክል አይገጥሙም። ጨለማ ውስጥ የሚያበራው ቀለም ዘንጎቹ ላይ በዕድሜ ብዛት ቡናማ ሆኗል፣ ፊቱ ላይ ግን አዲስ ነው። አብረው ያረጁ ነገሮች አብረው ነው የሚጠወልጉት። የጀርባው መለያ ቁጥር በ8 ይጀምራል፤ ሴይኮ የመጀመሪያዋን አኃዝ ለዓመቱ መጨረሻ ስለሚጠቀምባት፣ ከማሽኑ ዓይነት ጋር ሲታይ እ.ኤ.አ. የ1978 ወይም የ1988 ሥራ ነው ማለት ነው። በዚህ ዕድሜው እንደ በረዶ መንጣቱ ያጠራጥራል።

እንዲህ ያለው ነገር የሚመጣው ላስቲኩ ሲያረጅ እርጥበት ገብቶ ቀለሙን ሲያበላሸው ነው አሉኝ። ያኔ የቀድሞው ቀለም ይፋቅና በላዩ አዲስ ይቀባል። የተፋቀው አይመለስም። አሮጌ ሰዓት የሚሰበስቡ ሰዎች ከተቀባ ፊት ይልቅ የተጫጫረ ኦርጅናል የሚመርጡት ለዚህ ነው፤ ዋጋውም ይወርዳል። ጋሼ ውስጡ ዝገት እንዳለ ደጋግመው ፈለጉ። አልነበረም።

እንግዲህ ልግዛው ወይስ ልተወው? በጋዜጠኝነት ሥነ ምግባር ክፍለ ጊዜ ስንሟገትበት የከረምነው ነገር ትዝ አለኝ። ጋዜጣ ሲሳሳት እርማት ያወጣል፤ ማረሙ ነውር አይደለም። ነውሩ አርሞ እንዳላረመ መምሰል ነው። ሰዓቱ ፎርጅድ አይደለም። ፊቱ መቀባቱም ወንጀል አይደለም። የከፋኝ «ኦርጅናል ነው» የምትለዋ ቃል ነበረች። ቀጥሎ ግን ሌላ ሐሳብ ወጋኝ። እኔስ ለአባቴ ምን ብዬ ልሰጠው ነው?

ተመልሼ ሻጩን ፊት ለፊት «ፊቱ ተቀብቷል» አልኩት። መጀመሪያ ተቆጣ። ጋሼ ያሳዩኝን ስዘረዝርለት ግን ሳቅ አለና «ታዲያ ተበላሽቶ ቢሆን ትገዛው ነበር?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። በ3,000 ብር ተስማማን።

ለበዓል ቤት ስሄድ ሰዓቱን ለአባቴ ሰጠሁት። ዋጋውን ሳልናገር ፊቱ መቀባቱን ነገርኩት፤ ሳልደብቅ፣ የት ላይ እንደሚታወቅም ጭምር። አባቴ ፊቱን ብዙም አላየውም። ጆሮው ላይ ለጥፎ ረዘም ላለ ጊዜ አዳመጠው። «ድምፁ ያው ነው» አለ። ከዚያ የጀርባ ቁጥሩን ለማንበብ መነጽሩን ፈለገ። የሱ ይሆን እንዴ ብሎ እንደነበር የገባኝ ቁጥሩን አይቶ ራሱን ሲነቀንቅ ነው። የሱ አልነበረም። ቢሆንም እጁ ላይ አሰረው።

ሰብሳቢ ብሆን ኖሮ አልገዛውም ነበር። ለእናንተም የምመክረው ገጹን ብቻ አይታችሁ እንዳትከፍሉ፣ ጀርባውን እንድታስከፍቱ ነው። ለሰው ስትሰጡት ደግሞ የምታውቁትን አብራችሁ ስጡ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባል የለ? ሳይጠራ በፊት መናገር ይሻላል።