እርግብግቢት

«አናቱን ቀስ!» የማይባልበት አራስ ቤት አላውቅም። ሕፃን ለመታቀፍ እጁን የዘረጋ ሁሉ፣ አሥር ልጅ ያሳደገችም ብትሆን፣ ይህችን ማስጠንቀቂያ ይሰማል። ስስ ፀጉሩ ሥር ትር ትር የምትለዋን ቦታ ያየ ሰው ሳያስበው እጁን ይሰበስባል። ትር ትር የሚያሰኛት የአንጎሉ ደም ሥር ምት ነው።

የሕፃን ራስ ቅል ሲወለድ ገና አልተገጣጠመም። በምጥ ሰዓት አጥንቶቹ ይጠጋጋሉ፣ አንዱ በአንዱ ላይ ይደረባል፣ ራሱም በጠባቡ የመውለጃ መንገድ ያልፋል። ብዙ ሕፃን ራሱ ሾጠጥ ብሎ የሚወለደው ለዚህ ነው። የኋለኛዋ ትንሽ ክፍተት በ2 ወይም በ3 ወር ትገጥማለች። የፊተኛዋ፣ እኛ የምንሳሳላት፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ12 እስከ 18 ወር ትቆያለች። መቆየቷም ደግ ነው፤ ሲወለድ የአዋቂውን ሩብ ያህል የነበረው አንጎል 2 ዓመት ሲሞላው 80 በመቶ ግድም ይደርሳልና፣ አጥንቱ ቀድሞ ቢዘጋ መላወሻ ያጣል። አፋር ውስጥ ዲኪካ ላይ ቅሪተ አካሏ የተገኘው፣ ሰላም የተባለችው የ3.3 ሚሊዮን ዓመቷ ሕፃን እንኳ አንጎሏ ረዘም ላለ ጊዜ ያድግ እንደነበር የራስ ቅሏ ምርመራ አመልክቷል። ልጅን ረጅም ጊዜ ታቅፎ ማሳደግ ስንቱን ዘመን ተሻግሮ እንደመጣ ሳስበው ይደንቀኛል።

እናቶቻችን ለዚህች ቦታ ያልሆኑላት የለም። ቅቤ ይቀቧታል። ልጁ ተላጭቶ እንኳ ቁንጮ የሚተውለት እሷ ላይ ነው። እንዲህ ያለውን ስስት ከልቤ አከብራለሁ። ፍርሃቱ ግን ቦታውን የሳተ ይመስለኛል። ከቆዳው ሥር ያለው ሽፋን ጠንካራ ነው፤ በለስላሳ እጅ ማጠብ፣ መዳበስ አይጎዳውም። ቅቤውም አጥንት አያገጣጥምም። ይልቅ ወፍሮ ሲጋገርባት መታየት ያለባትን ቦታ ይሸፍናታል።

መታየት አለባት ያልኩት ያለ ነገር አይደለም። ሕፃኑ ተቅማጥና ትውከት ሲጸናበት እርግብግቢቱ ሰርጎድ ትላለች። በጣት ጫፍ ዳበስ ሲያደርጓት ጉድጓዷ ይታወቃል። አፉ ይደርቃል፣ ሲያለቅስ እንባ አይወርደውም፣ የሽንት ጨርቁ ሳይርስ ይውላል። ውኃ ከሰውነቱ አልቋል ማለት ነው፤ እዚህ ላይ ቅቤ መጨመር ጊዜ መግደል ነው። በተቃራኒው፣ ሳያለቅስ፣ ቀና አድርገው ይዘውት ሳለ ተወጥራ ጉብ ካለች፣ ትኩሳትም ካለው፣ ማጅራት ገትር ሊሆን ይችላል። ዓመት ተኩል አልፎም ሰፊ እንደሆነች ከቀረች ሐኪም ይያት። ምች ይመታዋል ተብሎ ከጨለማ ጓዳ ሳይወጣ የከረመ ልጅ አጥንቱ በፀሐይ እጦት ሊልም ይችላል፣ እርግብግቢቱም መግጠሚያዋ ይዘገያል።

እንግዲህ አያቶች፣ እናቶች፣ አባቶችም፣ ልጁን ስታጥቡ አናቱን ገልጣችሁ እዩ። ሰርጉዳ ወይም ተወጥራ ካገኛችኋት እስኪነጋ አትጠብቁ፤ ጡት እያጠባችሁት በዚያው ሰዓት ጤና ጣቢያ አድርሱት።