ጥርስ ያለው ባቡር

አገራችን ተራራ አልተነፈገችም። የትም ዞር ብትሉ ሽቅብ የሚታይ ነገር አይጠፋም። ነገር ግን ሰዋችን ተራራ የሚወጣው ለምንድን ነው ብላችሁ ታዝባችሁ ታውቃላችሁ? እንጨት ሊለቅም፣ ከብት ሊያግድ፣ ጠበል ሊጠመቅ፣ ሊሳለም፣ ክፉ ቀን ሲመጣ ደግሞ ሊሸሸግ ነው። "እንዲሁ ልይ ብዬ ነው የወጣሁት" የሚል ጎልማሳ ብናገኝ "ምን ነካው?" እንላለን። ፈረንጅ ከሆነ አይደንቀንም፤ የፈረንጅ ነገር ብለን እናልፈዋለን።

ዛሬ የማወጋችሁ እንዲሁ ልይ ብላ ተራራ ስለወጣች አንዲት የአጋሮ ሴት ነው። ሴትዮዋ እናቴ ናት። ጊዜው 2002 ዓ.ም፣ ወሩ የካቲት ነበር። ያኔ ሁላችንም አጋሮ ነበርን።

ነገሩን ያመጣው ፎቶግራፍ ነው። ስዊዘርላንድ የምትኖረው እህቴ በሰው እጅ አንድ ፖስታ ፎቶ ላከችልን። ባሏ፣ ልጆቿ፣ የባሏ እናት፣ ሁሉም ተሰብስበው አንድ ተራራ ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ከኋላቸው በረዶ የለበሱ ተራሮች ተደርድረዋል። ሕፃኑ በጋሪው ተኝቷል። አማቷ ጋቢ የመሰለ ነገር ጉልበታቸው ላይ ጣል አድርገው ኬክ ይበላሉ። እማዬ ፎቶውን ወደ ዓይኗ አስጠግታ ብዙ አየችው። በረዶው አልደነቃትም። የደነቃት ሌላ ነው።

"ይቺ ሴትዮ ዕድሜዋ ስንት ነው?"

"ሰማንያ ሊሞላቸው ነው አሉ።"

"ጉልበቷስ?"

"እሳቸውም እንዳንቺው ነው፤ ያማቸዋል።"

"ታዲያ ማን ተሸክሞ አወጣት?"

"በባቡር ነው የወጡት።"

እማዬ ሳቀች። "ባቡርና ዳገት ምን አገናኛቸው? ባቡር የሚወደው ሜዳ ነው። አባቴ ያየውን ነግሮኛል።"

የአሥር ዓመቷ ልጄ ጣልቃ ገባች። "አያቴ፣ ይሄኛው ባቡር ጥርስ አለው!"

"ጥርስ? ተራራውን ይነክሰዋል?"

እውነቷን ነው፣ ይነክሰዋል። ተራራው ሪጊ ይባላል። ሉሴርን ከሚባለው ከተማ ተነሥቶ ሐይቁን በመርከብ ለሚሻገር ሰው ባቡሩ ከሐይቁ ዳር ይጠብቀዋል። መንገዱ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1871 ሲሆን፣ ጫፉ ላይ የደረሰው ከሁለት ዓመት በኋላ በ1873 ነው። በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ሦስተኛ፣ ጥርስ ጥርስ ያለው ብረት ተዘርግቷል። ከባቡሩ ሆድ ሥር ያለው ጥርሳም ጎማ ያንን ብረት እየነከሰ ይወጣል። ሲወርድም እየነከሰ ነው፣ አይንሸራተትም። አውሮፓ ውስጥ እንዲህ ያለ የተራራ ባቡር ሲሠራ ሪጊ የመጀመሪያው ነበር።

እኔን ያስገረመኝ ግን ቁጥሩ ነው። የሪጊ ጫፍ ከባሕር ወለል በላይ 1 ሺህ 797 ሜትር ነው። የእኛዋ ጅማ ከተማ ደግሞ 1 ሺህ 780 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ልዩነቱ ከአንድ ረጅም ዛፍ አይበልጥም። እነሱ ባቡር ሠርተው፣ ትኬት ቆርጠው፣ ካሜራ አንግተው ከሚወጡበት ከፍታ ላይ የጅማ ሰው ሰኞ ሰኞ ጎመን ይገዛል።

ይህንኑ ለእማዬ ነገርኳት። ትስቃለች ብዬ ነበር፤ አልሳቀችም።

"እንግዲያ እኔም ስንቴ ወጥቻለሁ!" አለች። ትንሽ ዝም ብላ ቆየችና "እሷ ግን የወጣችው ልታይ ነው። እኔ የምወጣው ለሐኪም ነው" አለች።

ይህች ንግግር ቤታችን ውስጥ ከረመች። በማግስቱ ባለቤቴ "እሁድ ጅሬን እንውሰዳት" አለች። ጅሬን ከጅማ ከተማ ሰባት ስምንት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ያለበት ጉብታ ነው። እማዬ ለሆስፒታልም ለገበያም ጅማ ስትመላለስ አርባ ዓመት አልፏታል፤ ጅሬንን ግን የምታውቀው ከታች አንጋጣ ነው። "የንጉሥ ግቢ ውስጥ እኔ ምን አለኝ?" ብላ ተከራከረች። ከዚያ ነጠላዋን አጥባ አሰጣች። እሺ ማለቷ መሆኑን አወቅን።

እሁድ ማለዳ ድፎ ዳቦና አንድ ፔርሙስ ቡና ይዘን ሚኒባስ ተሳፈርን። ከሳምንት በፊት ዝናብ ጥሎ ስለነበር ቡናው አብቧል። የቡና አበባ ያየ ያውቀዋል፤ ቅርንጫፉ ነጭ ጥጥ የተጠመጠመበት ይመስላል፣ ሽታው በመስኮት ገብቶ ሰውን ዝም ያሰኛል። የቡን አልፈን ጅማ እስክንገባ እማዬ መስኮቱን አላስዘጋችም። ብርድ ገባን ያለ ተሳፋሪ ነበር፤ እሷ ግን አልሰማችውም።

ጅማ ላይ ባጃጅ ኮንትራት ያዝን። አምስት ነን። ሾፌሩ ቆጠረን፣ እንደገና ቆጠረን፣ በመጨረሻም "እማማ ከኋላ ይደላደሉ፤ ሌላውን እግዜር ያውቃል" አለ። ከተማውን ጨርሰን ዳገቱን ስንጀምር ባጃጇ ማቃሰት ያዘች። የስድስት ዓመቱ ልጄ "ጥርስ የላትም እንዴ?" አለ። ሾፌሩ ነገሩ ስላልገባው "አዲስ ናት እኮ!" ብሎ ተቆጣ። ዳገቱ ሲብስ እኔና ልጄ ወርደን በእግራችን ተከተልን። ባጃጇ ቀለል ሲላት ነጥቃ ሄደች። እማዬ ዞር ብላ በእጇ "በርቱ" እያለች ስትስቅብን ይታየኛል። በሕይወቷ ወጣቱ በእግሩ፣ እሷ ተቀምጣ ዳገት ስትወጣ ይህ የመጀመሪያዋ መሆን አለበት።

ስለ ቦታው ጥቂት ልበላችሁ። ዳግማዊ አባ ጅፋር ጅማን የገዙት እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ነው። ምኒልክ ወደ ግቤ አገሮች ሲመጡ በእናታቸው በጉሚቲ ምክር ጦር ሳይማዘዙ ገብረው አገራቸውን ከጦርነት አተረፉ ይባላል፤ የውስጥ አስተዳደራቸውንም እስከ ዕድሜያቸው ማብቂያ ይዘው ቆይተዋል። ያን ጊዜ መንግሥቱ ጅሬን ላይ፣ ገበያው ከሥሩ ሂርማታ ነበር። የሂርማታ ገበያ በቡናው፣ በማሩ፣ በዝባዱ ከሩቅ አገር ነጋዴ ይስብ ነበር። አሁን ጅማ የምንላትን ከተማ በዘመናዊ መልክ ሜዳው ላይ የቀየሰው በአምስቱ ዓመት ወረራ ጣሊያን ነው። እንግዲህ ሰዉ ወደ ታች ወረደ፣ ቤተ መንግሥቱ ከላይ ቀረ።

ዋናው ቤት ፎቅ ነው፤ ከእንጨትና ከጭቃ የተሠራ፣ ዙሪያውን በረንዳ ያለው። አስጎብኚው ትሑት ወጣት ነበር። እማዬ በኦሮምኛ ሰላም ስትለው ፊቱ በራ። ፎቁ ሥር ስንደርስ ግን ምርኩዟን አየና "እማማ፣ እርስዎ እዚህ አረፍ ቢሉ አይሻልም? ደረጃው እንዳያደክምዎት" አላት።

"ልጄ፣ ከአጋሮ ድረስ የመጣሁት ለምድር ቤት ነው እንዴ?" አለችው።

ወጣች። በአንድ እጇ መደገፊያውን፣ በሌላው ትከሻዬን ይዛ፣ በየደረጃው እያረፈች ወጣች። ልጆቹ ከኋላ ሆነው ደረጃውን ጮክ ብለው ይቆጥራሉ። በረንዳው ላይ ስትደርስ ነጠላዋን አስተካከለችና ቆመች። ጅማ ከታች ተዘርግታለች። ቆርቆሮው ያብረቀርቃል፣ ባሕር ዛፉ፣ ከዚያ ወዲያ ሜዳው፣ ከሜዳው ወዲያ ጭጋግ የያዘው ተራራ ይታያል።

"የአዲስ አበባ መንገድ በየት በኩል ነው የሚሄደው?" አለች።

አስጎብኚው በጣቱ አሳያት። ወደዚያ አተኩራ ብዙ ጊዜ አየች። ከዚያ ከአርባ ዓመት በላይ ልጇ ሆኜ ሰምቼው የማላውቀውን ነገረችን።

አባቷ ሲራራ ነጋዴ ነበር። ከአጋሮ ቡና በአጋሰስ ጭኖ፣ ሂርማታ አድሮ፣ ግቤን ተሻግሮ አዲስ አበባ ይገባል። ሁለት ሳምንት ይፈጅበታል፤ ወንዝ ከሞላ ከዚያም በላይ። አንድ ጊዜ ቡናውን ለነጋዴ ካስረከበ በኋላ ወዴት እንደሚሄድ ሊያይ ለገሃር ድረስ ተከተለው። ቆሞ ሲጫን አየ። "ቡናው ተሳፈረ፣ እኛ ተመለስን" ይል ነበር አለች። ጭሱን አይቶ፣ ጩኸቱን ሰምቶ፣ እሷኑ ለልጆቹ ወሬ አድርጎ ሁለት ሳምንት በእግሩ ተመለሰ።

"በዚህ ሥር ስንቴ አድሯል" አለች፣ ወደ ታች እያሳየች። "ወጥቶ ግን አላየም። ምን ብሎ ይወጣል? የንጉሥ ግቢ ነው። በቃ፣ በኔ ዓይን ይየው።"

ማንም አልተናገረም። ባለቤቴ ፔርሙሱን ከፍታ ቡና ቀዳች። ለአስጎብኚውም ሰጠነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ይህ ነገር ከራሴ አይወጣም። አያቴ ያየው ባቡር እኮ እሱም ተራራ የወጣ ባቡር ነው! ፈቃዱን እ.ኤ.አ. በ1894 ከምኒልክ የተቀበለው አልፍሬድ ኢልግ የሚባል መሐንዲስ ነበር፤ እሱ ደግሞ ስዊስ ነው። ሐዲዱ ከጅቡቲ ባሕር ዳር ተነሥቶ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። 784 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ከ2 ሺህ 300 ሜትር በላይ ይወጣ ነበር። መንገዱ ረጅም በመሆኑ ዳገቱን ቀስ እያለ ስለሚጨርሰው ጥርስ አላስፈለገውም። በከፍታ ከሆነ ከሪጊ በላይ ነው። በእርግጥ ሰውም ይጭን ነበር፤ ስንቱ ለሥራ፣ ለንግድ፣ ለዘመድ ተሳፍሮበታል። ግን ወደ ባሕሩ የሚጠራው ቡናውና ቆዳው ነበር።

እነሱም ቢሆኑ ለጽድቅ አልሠሩትም። የሪጊ ባቡር ንግድ ነው፤ በትኬት ይኖራል። ያኔ ይሳፈር የነበረው በአብዛኛው ገንዘብ ያለው እንግዳ ነው። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ላይ ነው። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ "ሰው ማየት ይፈልጋል፤ ጉልበት የሌለውም ማየት ይፈልጋል" ብሎ አስቦ ብረት አቅልጧል። የእኛ መንገድ ግን ወደ አጋሮም ሆነ ወደ ሊሙ ወይም ጌራ ሲቀየስ ቡናው እንዴት እንደሚወጣ ታስቧል። አሮጊቷ እንዴት እንደምትወጣ ያሰበ ካለ፣ ለሐኪም ቤት ነው የሚሆነው።

የባቡሩን ነገር ካነሣን፣ በ2003 ዓ.ም በተጀመረው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ዘመን ከታሰቡት መስመሮች አንዱ በጅማ በኩል ወደ ደቡብ ምዕራብ የሚዘልቅ ነበር። አዲሱ የአዲስ አበባ ጅቡቲ መስመር በ2009 ዓ.ም መስከረም ተመረቀ፤ ወደ ጅማ ግን ሐዲድ አልደረሰም። ቢደርስ ደስ ይለኛል። ግን እሱን እየጠበቅን እናቶቻችንን ከተራራ ሥር ማስቀመጥ የለብንም። እማዬን ጅሬን ያወጣት አንድ ባጃጅ፣ አንድ መደገፊያ፣ አንድ ትከሻና "አረፍ ይበሉ" ሲሏት እምቢ ያለ ልብ ነው። አረጋውያንን ስንንከባከብ የምንሳሳተው እዚህ ላይ ይመስለኛል። አክብረን እናስቀምጣቸዋለን። ከዚያ ተነሥተው ማየት የሚፈልጉት ነገር እንዳላቸው መጠየቅ እንተዋለን። ሰውም ሲያረጅ ሆዱን እንጂ ዓይኑን የሚያስታውስለት ያጣል።

እማዬ ከጅሬን ስትመለስ ሰፈሩን በወሬ አጥለቀለቀችው። የቡና ጎረቤቶቿ መጀመሪያ "ምን ልታደርጊ?" ብለው ሳቁባት። ሁለተኛው ሳምንት ላይ "ደረጃው ስንት ነው?" ማለት ጀመሩ። በሚያዝያ ዘጠኝ ሴቶች ገንዘብ አዋጥተው ሚኒባስ ተከራዩ። ከዘጠኙ አምስቱ ምርኩዝ ይዘዋል። ሾፌሩ አንድ በአንድ ደግፎ ካስገባቸው በኋላ በመስተዋቱ አይቷቸው፣ ከልቡ አዝኖ፣ "እናቶቼ፣ ሆስፒታሉ በር ላይ ላውርዳችሁ?" አላቸው።

እማዬ ፊት ወንበር ላይ ነበረች።

"የለም ልጄ" አለችው፤ "ልናይ ነው የምንሄደው።"