ምሰሶውን ያቆመው ሰው

ወልቂጤ ውስጥ የመብት ነገር ሲነሣ ቀድሞ የሚጠራው ስም የቃቄ ወርድወት ነው። ክትፎ ቤት አጠገቤ የተቀመጡ አዛውንት ከአነጋገሬ እንግዳ መሆኔን ለይተው ታሪኳን ያወጉኝ ጀመር። የሙህር ሴት ነበረች፤ ዘመኑም 19ኛው መቶ ዓመት። ወንድ እንዳሻው በሚስቱ ላይ ሚስት ሲደርብ፣ ሴት ግን ባሏ ካላሰናበታት ሌላ ማግባት አትችልም። ይህን ሥርዓት ሻሩልን ብላ ሴቶችን አስከትላ የጆካ ሸንጎ ፊት ቆመች። የክርክሩ ፍጻሜ እንደ ተራኪው ይለያያል። እኔን የገረመኝ አዛውንቱ ለእሷም ለሸንጎውም እኩል መኩራታቸው ነው። የጆካ ሽማግሌዎች የቂጫ፣ የሰባት ቤት ጉራጌ ባህላዊ ሕግ፣ ጠባቂዎች ናቸው፤ ወርድወትን የተሟገቷትም እነሱው። ታሪኳ በብሔራዊ ቴያትር መድረክ ላይ ወጥቶ አዲስ አበቤ አጨብጭቦላታል።

እኔን ወደ ጉራጌ ያመጣኝ ግን ሌላ ሰው ነው። ዊልያም ሻክ የቺካጎ ተወላጅ ጥቁር አሜሪካዊ አንትሮፖሎጂስት ነበር። በ1950ዎቹ መገባደጃ (እ.ኤ.አ.) ቸሃ ገብቶ ከሕዝቡ ጋር ኖረ። በአገሩ በአሜሪካ የጥቁሯ ሮዛ ፓርክስ መታሰር በሞንትጎመሪ ከተማ የቀሰቀሰው የ381 ቀን የአውቶብስ አድማ በድል ካበቃ ገና ብዙ አልቆየም። ሻክ የጉራጌን የእንሰት ኑሮ፣ ሸንጎና አምልኮ ሲመዘግብ ሌላም ነገር መዘገበ፤ ስለ ዕደ ጥበብ ሰዎቹ መገለል። በ1964 እ.ኤ.አ. በእነሱ ላይ ለብቻው አንድ ጽሑፍ አሳተመ። አሜሪካ ዘርን ለይቶ ማግለልን በሕግ የከለከለችው በዚያው ዓመት ነው። ሁለቱን ማገናኘቱ የእኔ ነው፤ ግን መንገዱን ሁሉ ከአእምሮዬ አልወጣም።

እምድብር አካባቢ ጀፎሮው ላይ ሲቆሙ ዐይን ይጠግባል። ሰፊ አረንጓዴ ሜዳ፣ በግራና በቀኝ የተሰለፉ የሣር ቤቶች፣ ከበስተኋላቸው እንሰት። አንዱ ቤት ገባሁና ቀና አልኩ። የጣሪያው እንጨት ሁሉ ወደ መሐል ተሰብስቦ አንድ ወፍራም ምሰሶ ላይ ያርፋል። እንዲህ ያለውን እንጨት ጠርቦ የሚያቆመው በጥንቱ ሥርዓት ፉጋ የሚባለው ባለሙያ ነበር። (ስሙ ዛሬ ስድብ ስለሆነ ደግሜ አልጽፈውም።) ይህ ሰው ቤት ይሠራ ነበር፤ ልጃገረዶች ለአካለ መጠን ሲደርሱ ይፈጸም በነበረው ሥርዓትም ያለ እሱ አይሆንም ነበር። ነገር ግን መሬት አልነበረውም፤ እጁ የነካው አፈር ፍሬ አይሰጥም ተብሎ ስለሚታመን እርሻ አይነካም ነበር። ከባለመሬቱ ጋር አይበላም፣ አይጋባም ነበር። መኖሪያውም ከመንደሩ ገለል ያለ ነበር።

የጎንደር ልጅ ነኝና በጉራጌ ለመፍረድ አልቸኩልም። የእኛን ጀበና የሠራችው ሴት ቡናውን ከእኛ ጋር አትጠጣም ነበር። ጠይቡንም ቀን ማረሻ እንዲያሾልልን ለምነነው ማታ ቡዳ እንለዋለን።

በአሜሪካ የመብት ትግል ታሪክ ተቃዋሚው ስምና ፊት አለው። በርሚንግሃም ላይ በ1963 እ.ኤ.አ. ውሻና የውሃ ቧንቧ በሕፃናት ላይ ያስለቀቀው ቡል ኮነር አለ፤ የአላባማው ገዥ ጆርጅ ዋላስ አለ። ማግለሉ በሕግ የተጻፈ ስለነበር ፍርድ ቤት ሊሰርዘው ቻለ። የኮነር ውሾች ደግሞ በቴሌቪዥን ታይተው ትግሉን ጠቀሙት። ማርቲን ሉተር ኪንግ ወደ ሰሜን፣ ወደ ሻክ የትውልድ ከተማ ሲወጣ ግን ነገሩ ተወሳሰበ። ቺካጎ ውስጥ ጥቁር እዚህ ሰፈር አይኖርም የሚል ሰሌዳ አልነበረም፤ ሥራውን ደላላው፣ ባንኩና ጎረቤቱ ይጨርሱታል። ነሐሴ 5 ቀን 1966 እ.ኤ.አ. ኪንግ በነጮች ሰፈር ሰልፍ ሲመራ ድንጋይ ራሱን መትቶ አንበረከከው። ከንቲባው ሪቻርድ ዴሊ ደግሞ እንደ ኮነር ውሻ አልለቀቀም፤ ተደራድሮና ተፈራርሞ በትሕትና ሸኘው። የሻክ የጉራጌ መጽሐፍ የታተመውም በዚያው በ1966 ነው።

ጉራጌ ላይ ያየሁት ከበርሚንግሃም ይልቅ ቺካጎን ይመስላል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ ባለመሬትና ጭሰኛ መባል ቀረ፤ ሕገ መንግሥቱም ሰው ሁሉ እኩል ነው ይላል። የሚሻር ሌላ አንቀጽ የለም። ወርድወት ቢያንስ የምትሄድበት ሸንጎ ነበራት፤ ከፊት ለፊቷም መልስ የሚሰጡ ሽማግሌዎች። ምሰሶውን ያቆመው ሰው አቤቱታውን ለማን ያሰማል?

ተራራውን ተሻግሬ ቡታጅራ ስገባ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ፊት ለፊት ሻይ ጠጣሁ። ወጣቶቹ አልጋና በር ይሠራሉ፤ የገበሬ ልጆች ናቸው፣ ሙያው ዛሬ ያስከብራል። እንጨት መጥረብ መቼ ከውርደት ወጥቶ ንግድ እንደሆነ ያስተዋለ የለም፤ ገንዘብ ሲገባበት ነው ብል አልሳሳትም። ባለቤቱን፣ በዕድሜ የሚበልጠኝን ሰው፣ ጠየቅኩት።

«ጋሼ፣ ልጅዎ ከድሮዎቹ ባለሙያዎች ወገን ላግባ ቢልስ?»

«እኔ ምን ቸገረኝ፤» አለኝ ምስማሩን ከአፉ አውጥቶ። «እናቱ ግን አትስማማም።»

ሻይ የምታቀርበው ሚስቱ ሰምታለች። «እኔማ ሰው ሁሉ የአላህ ፍጡር ነው እላለሁ፤ ጎረቤት ነው የሚያስቸግረው» አለች። ጎረቤትየዋ በሩ ላይ ቆማ ነበር። እሷም ሳቀችና የዱሮ ሰዎች እንጂ ዛሬ ማን ዘር ይቆጥራል አለችኝ። ቀጥላም የእኔን ዘር ጠየቀችኝ።