ከቤት የወጣችው

ኦሪት ዘፍጥረትን ከፍቶ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ምዕራፎች ሳይቸኩል ያነበበ ሰው አንድ ነገር ሳይከነክነው አይቀርም። በምዕራፍ አንድ ሰው በስድስተኛው ቀን ሲፈጠር ወንድም ሴትም ሆኖ ነው፤ ማን ቀደመ፣ ማን ተከተለ የሚባል ነገር የለም። ምዕራፍ ሁለት ላይ ስንደርስ ግን አዳም ብቻውን ነው። ለእንስሳቱ ስም ያወጣል፣ የምትመስለውን ረዳት ያጣል፣ ከባድ እንቅልፍ ይጣልበታል፤ ሴቲቱ ከጎኑ የምትመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ታዲያ የምዕራፍ አንዷ ሴት የት ገባች?

የሃይማኖት መምህራን መልስ አላቸው፤ የመጀመሪያው ጥቅሉ፣ ሁለተኛው ዝርዝሩ ነው ይላሉ። እኔ ከእነሱ ጋር ሙግት አልገጥምም። ዕድሜዬን የፈጀሁት ሥነ ጽሑፍ በማስተማር ነው፤ የእኔ ነገር ሰዎች ያቺን ክፍተት በምን በምን ወሬ እንደሞሏት ማየት ነው። ሰው ደግሞ ክፍተት ካገኘ ዝም ብሎ አያልፍም።

የአይሁድ ሊቃውንት ብዙ አሰቡበት። «በሬሺት ራባ» በተባለው ጥንታዊ የዘፍጥረት ትርጓሜያቸው ውስጥ አንዱ ሊቅ፣ የመጀመሪያው ሰው ባለ ሁለት ፊት፣ ጀርባ ለጀርባ የተጣበቀ ፍጡር ነበር፤ ለሁለት የተሰነጠቀው ኋላ ነው ይላል። መከራከሪያው «ጼላ» የሚለው የዕብራይስጥ ቃል ነው። ቃሉ የጎን አጥንት ተብሎ ይተረጎማል፤ በኦሪት ዘጸአት ግን ለማደሪያው ድንኳን ጎን ያገለግላል። ስለዚህ ሔዋን የአዳም ሌላው ወገን እንጂ የአንዲት አጥንት ትራፊ አይደለችም ማለቱ ነው። አማርኛችንም ሳያስበው ከዚህ ሊቅ ጋር የተስማማ ይመስለኛል፤ ሚስት ያገባውን ሰው «ግራ ጎኑን አገኘ» እንላለን እንጂ «አጥንቱን አገኘ» አንልም።

ሌላው መልስ ግን ነገረኛ ነው። እ.ኤ.አ. ከ8ኛው እስከ 10ኛው መቶ ዘመን ባለው ጊዜ እንደተጻፈ የሚገመት «የቤን ሲራ ፊደል» የሚባል መጽሐፍ አለ። የቁም ነገር መጽሐፍ ነው ብላችሁ እንዳትይዙት፤ ያፌዛል፣ አንዳንዴም ይባልጋል። በዚህ መጽሐፍ የንጉሥ ናቡከደነፆር ልጅ ይታመምና ቤን ሲራ ክታብ ይጽፍለታል። ንጉሡ «እነዚህ በክታቡ ላይ ያሉት እነማን ናቸው?» ብሎ ቢጠይቀው ታሪኩን ይነግረዋል። አዳም ከሔዋን በፊት ሊሊት የምትባል ሚስት ነበረችው። እሷም እንደ እሱ ከአፈር የተበጀች ናት። የተጣሉት በመኝታ ነው፤ እሱ እኔ ከላይ አንቺ ከታች አለ፤ እሷ ደግሞ ሁለታችንም ከአንድ አፈር ነን፣ በምን ሒሳብ አለች። ያን ጊዜ ሽማግሌ የለ፣ ማንን ይጥሩ! ጭቅጭቁ አላልቅ ሲል ሊሊት የማይጠራውን የፈጣሪን ስም ጠርታ ወደ ሰማይ በረረች።

አዳም ከሰሰ። ሰኖይ፣ ሰንሰኖይ እና ሰመንገሎፍ የሚባሉ ሦስት መላእክት ተላኩባት። ኋላ ግብፃውያን በሚሰጥሙበት ባሕር ላይ አገኟትና ተመለሽ አሏት፤ አልመለስም አለች። ቅጣቷ በየቀኑ ከልጆቿ መቶ መቶው እንዲሞቱባት ሆነ። እሷ በበኩሏ እኔ የተፈጠርኩት ሕፃናትን ለማሳመም ነው አለች፤ ወንዱን እስከ ስምንት ቀኑ፣ ሴቷን እስከ ሃያ ቀኗ። የእናንተን ስም በክታብ ላይ ካየሁ ግን አልነካም ብላ ማለች።

እስቲ ቆም ብለን እንየው። ነገሩ የተጀመረው በባልና ሚስት ጭቅጭቅ ነበር፤ ያለቀው አራስ ቤት ነው። እምቢ ያለችው ሴት ገጹ ሳይገለጥ ሕፃን ገዳይ ሆና አረፈችው። ይህን ታሪክ ክፍል ውስጥ ስናገር ወንዶቹ ተማሪዎች ስለ ላይና ታች ይሣሣቃሉ፤ የተለመደ ነው። አንድ ዓመት ግን ከኋላ የምትቀመጥ ዝምተኛ ልጅ እጇን አውጥታ፣ «መምህር፣ መላእክቱ አዳምንስ አነጋገሩት?» አለችኝ። አላነጋገሩትም። ከሳሹም እሱ፣ ምስክሩም እሱ ነው።

በዚህ በኩል ሊሊት ብቻዋን አይደለችም። በመጽሐፈ አስቴር ንጉሥ አርጤክስስ በወይን ጠጅ ደስ ባለው ጊዜ የሚስቱን የአስጢንን ውበት ለእንግዶቹ ሊያሳይ አስጠራት፤ አልመጣም አለች። አማካሪዎቹ ተሰበሰቡ። በጣም ያስጨነቃቸው የንጉሡ መዋረድ ብቻ አልነበረም፤ ይህን የሰሙ የየራሳቸው ሚስቶች ምን ይሉ ይሆን የሚለው ነው። አስጢን ከንግሥትነቷ ወረደች፤ ወንድ ሁሉ በቤቱ ጌታ ይሁን የሚል ደብዳቤም ለ127 አገሮች ተላከ። ለአንዲት ሴት እምቢታ የግዛቱ ፈረሰኛ መልእክተኛ ሁሉ! በቁርኣን ደግሞ የሐዋ ስም አይጠራም፤ ከዛፏ የቀመሱት ሁለቱም፣ ያሳታቸውም ሰይጣን ነው። እንዲያውም በሱረቱ ጣሃ ጌታውን እንዳመፀ በስሙ የሚነሣው አደም ነው። ይህም ሆኖ በሕዝብ አፍ ሲወራ እዚያም ጣቱ ወደ ሴቲቱ መዞሩ አልቀረም።

ሊሊት በስሟ ከቤን ሲራ መጽሐፍ ትቀድማለች። በዕብራይስጡ መጽሐፍ ቅዱስ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በኢሳይያስ 34፥14 በፍርስራሽ መካከል ታልፋለች፤ በ1611 የታተመው የእንግሊዝኛ ትርጉም ጉጉት አድርጓታል። በዛሬዋ ኢራቅ ደግሞ፣ ኒፑር በምትባል ጥንታዊ ከተማ፣ በየቤቱ ወለል ሥር ተደፍተው የተቀበሩ የሸክላ ሳህኖች ተቆፍረው ወጥተዋል። ውስጣቸው በአራማይክ የተጻፈ ድግምት ነው፤ ጽሑፉ እየተጠማዘዘ ይዞራል። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ሊሊትን የሚያባርሯት በፍቺ ወረቀት ነው፤ ባል ሚስቱን በሚፈታበት ቃል። ከባሏ ሸሸች የሚለው ወሬ ገና ሳይጻፍ ሰዎች አስቀድመው ፈትተዋታል። ደግነቱ የታረቋትም አልጠፉ። እ.ኤ.አ. በ1972 ጁዲት ፕላስኮ የተባለች አሜሪካዊት የሥነ መለኮት ምሁር በጻፈችው ታሪክ፣ ሔዋን የገነትን አጥር ዘልላ ከሊሊት ጋር ቁጭ ብለው ያወጋሉ።

ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ወሬ የመሰለው ካለ አያቱን ይጠይቅ። የእኛዋ ስሟ ወርዘልያ ነው። እኔ ያወቅኋት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከእናቴ አንገት ነው። እናቴ በቀይ ቆዳ የተሰፋ ክታብ ነበራት፤ ውስጡ ያለው ጸሎተ ሱስንዮስ ነው። ሱስንዮስ ልጅ ወለደ፤ ወርዘልያ መጥታ ገደለችበት። እሱም በፈረሱ ተቀምጦ፣ ጦሩን ይዞ ሲፈልጋት በአትክልት ሥፍራ በአጋንንት ተከብባ አገኛትና ወጋት። እሷም ስምህ ካለበት አልደርስም ብላ በሰባቱ ሊቃነ መላእክት ማለች። ውሉ ያው የሊሊት ውል ነው፤ ስም፣ መሐላ፣ ክታብ። ተመራማሪዎች የሦስቱን መላእክት ስም፣ የባይዛንታይኑን ሲሲንዮስንና የእኛን ሱስንዮስን ጎን ለጎን አስቀምጠው ዝምድናቸውን ሲያጠኑ ኖረዋል። በአንዳንዱ ቅጂ ደግሞ ወርዘልያ የሱስንዮስ የገዛ እህቱ ናት።

እህቱ! ነገሩን ወደ እኛ ቤት የሚያስገባው ይህ ቃል ነው። የእናቴ ታናሽ እህት ባሏን ጥላ የመጣች ሴት ነበረች። ለምን እንደመጣች አትናገርም፤ አንድ ጆሮዋ ግን አይሰማም ነበር። ልጅ አልወለደችም። እናቴ ዘጠኝ ወልዳ አራታችንን አሳደገች። ዛሬ ቢሆን መንጋጋ ቆልፍ ነው፣ ሳንባ ምች ነው እንላለን፤ ያን ጊዜ ጤና ጣቢያ የአንድ ቀን መንገድ ነበር። ምክንያቱ ያልታወቀ ሞት ሲደጋገም ሰው ምክንያት ይፈልጋል፤ የመንደሩ ዓይን አክስቴ ላይ አረፈ። ፊት ለፊት የተናገራት የለም። ብቻ አራስ ልትጠይቅ ስትገባ ሕፃኑ በነጠላ ይሸፈናል፤ «ተኝቷል» ትባላለች። በተለይ ክርስትና እስኪነሣ፤ ወንዱ አርባ ቀን፣ ሴቷ ሰማንያ ቀን። (መጽሐፈ ኩፋሌ አዳም በአርባ፣ ሔዋን በሰማንያ ቀኗ ገነት ገቡ ይላል። ቤን ሲራም የሴቷን የፍርሃት ቀን ነው ያበዛው።)

ስለ አክስቴ ሳስብ ወለተ ጴጥሮስ ትመጣብኛለች፤ እ.ኤ.አ. ከ1592 እስከ 1642 የኖረችው ቅድስት። የዐፄ ሱስንዮስ ባለሟል የነበረው የመልክዐ ክርስቶስ ሚስት ነበረች። ሦስት ልጅ ወልዳ ሦስቱም በሕፃንነታቸው ሞቱ፤ ገድሏ እንደሚለው፣ በማኅፀኔ ያለው ፈጣሪን የማያስደስት ከሆነ ቶሎ ይሙት ብላ የጸለየችው ራሷ ናት። ባሏን ጥላ መነነች፤ ንጉሡ የሮምን እምነት ሲቀበል እምቢ ብላ ተሰደደች። የንጉሡ ስም ከጦረኛው ቅዱስ ጋር አንድ መሆኑን ልብ በሉልኝ። ከሊሊት ታሪክ የጎደላት መብረር ብቻ ነው። የቅድስናውን ነገር ለአማኙ ልተውና፣ ወለተ ጴጥሮስ ጸሐፊ አግኝታለች፤ ካረፈች ከ30 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1672፣ ገላውዴዎስ የተባለ መነኩሴ የሚያውቋትን ጠይቆ ገድሏን ጻፈ። እነ አክስቴን ማን ይጻፋቸው?

እናቴ አክስቴን ከቤቷ አላስወጣቻትም። የመጨረሻዋ እህቴ ሰማንያ ቀኗ ሳይሞላ፣ እናቴ ወደ ጓሮ ስትወጣ ሕፃኗን አክስቴ እቅፍ ውስጥ ትታት ትሄድ ነበር፤ ጎረቤት በአጥር እያየ። እንዲህ ያለው ነገር ሲነሣ «እኔ የማውቀውን አውቃለሁ» ብላ ወሬ ታስለውጣለች።

እናቴ ካረፈች በኋላ ክታቡ ለእኔ ደረሰኝ። በቸርችል ጎዳና የባህል ዕቃ መደብሮች እንዲህ ያሉ ብራናዎች ለቱሪስት ሲሸጡ አያለሁ፤ የእናቴን ግን ተርትሬ ለመክፈት ዓመታት ወሰደብኝ። ሲዘረጋ የእሷን ቁመት ያክላል፤ ደብተራው የሚቆርጠው በባለቤቱ ቁመት ልክ ነው። ግእዙ ስሕተት ይበዛዋል፣ ሥዕሉ ግን ደህና ነው፤ ፈረሰኛው ጦሩን ሰብቆ፣ ሴቲቱ ከፈረሱ እግር ሥር ወድቃ። ጸሎቱ ባለቤቷን ጠብቃት በሚልበት ቦታ ሁሉ የእናቴ የክርስትና ስም አለ። ከስሟ ቀጥሎ በሌላ ቀለም፣ መስመሩ ላይ ጠብቦ፣ የአክስቴ ስም ተጨምሯል። በሰባት ቦታ ነው፤ ቆጠርኳቸው። እናቴ ማንበብ አትችልም ነበር።

አክስቴን በሕይወት ሳለች ጠየቅኋት። «ሁለት ዶሮ ከፍላለች» አለችኝ፤ ሌላ አልጨመረችም።