ባዶ እግሩን አድዋ የኖረው ሰው

በ1843 አንድ የሃያ ዓመት እንግሊዛዊ ወጣት ከምጽዋ ተነሥቶ ወደ ትግራይ ደጋ ወጣ። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።) ስሙ ማንስፊልድ ፓርኪንስ ይባላል። ጫማውን ጣለ፤ የአገሩን ልብስ ለበሰ፤ ጸጉሩን ተሠርቶ ቅቤ ተቀባ፤ ጥሬ ሥጋ በላ፤ መሬት ላይ ተኛ። አድዋ ሰነበተ፤ ከዚያም ሮሃባይታ በሚባለው አገር ከገበሬዎች መካከል ገብቶ ኖረ። ትግራይን የሚገዙት ደጃዝማች ውቤ ነበሩ። ከሦስት ዓመት ገደማ በኋላ በሱዳን በኩል ወጣ። በ1853 ለንደን ላይ ባለሁለት ቅጽ መጽሐፍ አሳተመ፤ ርእሱ በእኛ ቋንቋ «ሕይወት በአቢሲኒያ» ማለት ነው። ስለ ገበያው፣ ስለ ሠርጉ፣ ስለ ለቅሶው፣ ስለ ሰፈሩ ሐሜት ሳይቀር የጻፈ በመሆኑ ያን ዘመን የሚያጠና ሰው ዛሬም ሳያነበው አያልፍም።

አባቴ ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ናቸው። የዚህን መጽሐፍ ፎቶ ኮፒ በካኪ ወረቀት ለብደው ያስቀምጡ ነበር። ልጆች ሳለን ማታ ማታ እዚያው በዚያው ወደ አማርኛ እየመለሱ ያነቡልናል። ሲጨርሱ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይጠይቃሉ፤ «ይህን ሁሉ ያየ ሰው አገሩ ገብቶ ምን ሆነ?» መልስ የሚሰጣቸው አልነበረም። አንዳንድ ምሽት ደግሞ ጣታቸውን ምራቅ አስነክተው ጥቂት ገጾችን አንድ ላይ ይገለብጣሉ። ለምን እንደሚዘሉ የጠየቀ አልነበረም፤ እኛም ቤት አባት ለምን ተብሎ አይጠየቅም ነበር።

ሥራ ወደ ኖቲንግሃም ከተማ ባመጣኝ ጊዜ በስልክ የመጀመሪያ ቃላቸው፣ «የፓርኪንስ አገር ገባሽ እኮ! እንግዲህ መቃብሩን ፈልጊልኝ» የሚል ነበር።

«እሺ አባዬ፣ ለእርስዎ ስል» አልኳቸው።

የት እንደተቀበረ ማወቁ ቀላል ነው። የብሪታንያ ታላላቅ ሰዎች የሕይወት ታሪክ መዝገብ በሩዲንግተን መንደር በ1823 እንደተወለደ፣ በጃንዋሪ 12 ቀን 1894 እንደሞተና ውድቦሮ እንደተቀበረ በግልጽ ይናገራል። ሁለቱም ኖቲንግሃምሻየር ውስጥ ናቸው። የከበደኝ የአባቴ ጥያቄ ነው። ስለዚህ መቃብሩ ጋ ከመድረሴ በፊት የዘመዶቹን መቃብር ለማየት ወሰንኩ። ሰውን ለማወቅ ዘሩን መጠየቅ ከአገሬ ይዤ የመጣሁት ልማድ ነው።

የፓርኪንስ ቤተሰብ መኖሪያ ባኒ የምትባል መንደር ነበረች። በቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሰር ቶማስ ፓርኪንስ የተባሉ ባላባት በድንጋይ ተቀርጸው ቆመዋል። የአገሩ ባላባቶች ሐውልት እጁን ለጸሎት አጣምሮ የተኛ ወይም የተንበረከከ ነው። እኚህ ግን እግራቸውን ከፍተው፣ ክንዳቸውን ዘርግተው፣ ትግል ሊገጥሙ ተዘጋጅተዋል። አጠገባቸው ደግሞ የጊዜ አምሳል የጣላቸው ትንሽ ምስል አለ። ሰር ቶማስ በ1713 የትግል ስልት የሚያስተምር መጽሐፍ አሳትመዋል፤ በየዓመቱም በመንደራቸው የትግል ውድድር ያዘጋጁ ነበር። አሸናፊው በወርቅ ክር ያጌጠ ባርኔጣ ይሸለማል። ውድድሩ እሳቸው በ1741 ከሞቱም በኋላ እስከ 1810 ዘልቋል። ከዚህ ሁሉ የገረመኝ ባላባቱ ዳኛ ሆነው መቀመጣቸው ሳይሆን ከገበሬና ከአሽከር ጋር ራሳቸው ወርደው መታገላቸው ነው። ከዚህ ቤት የወጣ ልጅ አድዋ ገብቶ ጫማ ቢያወልቅ ምን ይደንቃል? እዚያ የድንጋይ ሰው ፊት ረጅም ጊዜ ቆምኩ። ፓርኪንስ ከሥልጣኔ የሸሸ ሰው ነው የሚለውን አባባል ከዚያች ቀን ጀምሮ አልቀበለውም። የቤቱን ጠባይ ይዞ ነው የመጣው።

ከባኒ ቀጥሎ ሃክናል ወደምትባለው የዚያው አውራጃ ከተማ የሄድኩት የሎርድ ባይረን መቃብር ስላለበት ነው። ገጣሚው በ1824 ግሪክ ውስጥ ሞቶ አስከሬኑ ሲመጣ የለንደኑ ዌስትሚንስተር አቢ አልቀበልም ስላለ በቤተሰቡ መቃብር ተቀበረ። ልጁ አዳ ላቭሌስ፣ የኮምፒውተር ፕሮግራም ሲነሣ ስሟ ቀድሞ የሚጠራው፣ በ1852 በራሷ ምኞት አጠገቡ ተኝታለች። የባይረን መቃብር ዕብነ በረድ ከግሪክ ንጉሥ የተላከ ነው። ባይረን ሲቀበር ፓርኪንስ ገና ድክ ድክ የሚል ሕፃን ነበር፤ አስከሬኑ ባለፈበት አውራጃ አደገ። ሩቅ አገር ሄዶ የሌላ ሕዝብ ሆኖ መኖር የዚያ ዘመን ልጆች ሕልም ነበር፤ የባይረን ሥራ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሕልሙ ግን ሁሉንም በሕይወት አልመለሰም። በዚያው ሰሞን ዋልተር ፕላውደንና ጆን ቤል የተባሉ ሌሎች ሁለት እንግሊዛውያን ኢትዮጵያ ገብተው ነበር። እነሱ ቀሩ። ውቤ በ1855 ደረስጌ ላይ ድል ሆነው አሸናፊው ካሣ፣ ቴዎድሮስ ተብለው ሲነግሡ ሁለቱም የንጉሡ ወዳጆች ሆኑ። ፕላውደን በ1860 ጎንደር አጠገብ በሽፍቶች ቆስሎ ሞተ፤ ቤልም በዚያው ዓመት ለንጉሡ ሲዋጋ ወደቀ። የፓርኪንስ መጽሐፍ እንደገና የታተመው በ1868፣ በናፒየር የተመራው የእንግሊዝ ጦር የቴዎድሮስን ምሽግ መቅደላን በያዘበት ዓመት ነው። ያን ጊዜ አገሩን ለማወቅ የፈለገው አንባቢ ከጦሩ ጋር የመጣ አንባቢ ነበር።

የፓርኪንስ የካምብሪጅ ወዳጅ ፍራንሲስ ጋልተን፣ በኋላ ሰውን እንደ ከብት በዘር የመምረጥን አሳብ ያስፋፋው፣ በ1846 ካርቱም ላይ አግኝቶታል። በትዝታ መጽሐፉ ፓርኪንስን «አረመኔዎች» መካከል አረመኔ መስሎ በመኖር የሚስተካከለው የሌለ አድርጎ ያወድሰዋል። በዚያ ውዳሴ ውስጥ የተሰደቡት የአድዋና የሮሃባይታ ሰዎች ናቸው። ፓርኪንስ ራሱም ከዘመኑ ትዕቢት ነፃ አልነበረም፤ በአስተናጋጆቹ ላይ የሚያሾፍባቸው ገጾች አሉት። ሆኖም ብዙ ነገር የጻፈው አብሮ በልቶ፣ አብሮ ተርቦ ነው፤ ይህን ልዩነት ማንም አንባቢ ያገኘዋል።

ውድቦሮ ከኖቲንግሃም በስተ ሰሜን ምሥራቅ ያለ መንደር ነው። ድሮ በየቤቱ በእጅ ማሽን ካልሲ የሚሠራበት ነበር። ሠሪው ብርሃን እንዲያገኝ ተብለው የተሠሩት ረጃጅም መስኮቶች በአንዳንድ ቤቶች ላይ ዛሬም ይታያሉ። ፓርኪንስ በ1854 የሎርድ ዌስትበሪን ልጅ አግብቶ፣ ሴቶች ልጆች ወልዶ፣ በሚሊሺያው ጦር ሌተና ኮሎኔል ሆኖ፣ በመጨረሻ የኖረው በዚህ መንደር ትልቁ ቤት ነው። ሚስቱ ቀድማው ሞተች።

የቅዱስ ስዊዘንን ቤተ ክርስቲያን ቁልፍ የያዙት አዛውንት ሴት ከኢትዮጵያ እንደመጣሁ ስነግራቸው ምንም ሳይጠይቁ በቀጥታ ወደ መቅደሱ ወሰዱኝ። መቅደሱ የ14ኛው መቶ ዘመን ሥራ ነው፤ ለመንደሩ ከሚያስፈልገው በላይ ሰፊ፣ መስኮቶቹም ግዙፍ። በግራና በቀኝ የመዘምራን መቀመጫዎች አሉ፤ ከባሉጥ እንጨት የተቀረጹ። «የእሱ እጅ ሥራ ናቸው» አሉኝ።

ሰውየው እርጅናውን ያሳለፈው እንጨት በመቅረጽ ነው። ገንዘብ ነበረው፤ ጠራቢ መቅጠር ይችል ነበር። የትልቅ ቤት ጌታ፣ የሎርድ አማች፣ ኮሎኔል ሆኖ ሳለ መሮና መዶሻ ይዞ ተቀመጠ። የአባቴን ጥያቄ ይዤ መጥቼ መልሱ ፊት ለፊቴ ተደርድሮ አገኘሁት። መቀመጫውን በእጄ ዳሰስኩት። ወዲያው ግን አባቴ የሚዘሏቸው ገጾች ትዝ አሉኝ።

እነዚያን ገጾች ያነበብኳቸው እዚህ አገር መጥቼ ነው። ስለ ቡዳ የሚናገሩ ናቸው። ብረት ቀጥቃጭ ቡዳ ነው፣ ማታ ጅብ ይሆናል፣ ሰው ይበላል የሚባለውን ፓርኪንስ በዝርዝር ጽፎታል። በእጁ ሠርቶ ለሰው ማረሻና ማጭድ የሚያቀብል ሰው እንዴት እንደሚፈራና እንደሚገፋ ሰምቶ፣ ጽፎ፣ አገሩ ገባ።

ማታ ደወልኩ። ስለ መቀመጫዎቹ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ ደፍሬ ጠየቅኋቸው፤ «አባዬ፣ ስለ ቡዳ ያለውን ለምን ነበር የሚዘሉት?»

ቆዩ። «አያቴ ቀጥቃጭ ነበሩ» አሉ። «እናትሽን ሳገባ ቤተሰቧ እንዳይሰማ ሽማግሌዎቹ ሸፍነውልኛል። እናንተ ትምህርት ቤት ገብታችሁ አንዱ አፉን እንዳይከፍትባችሁ ብዬ አላነበብኩላችሁም።»

አርባ ዓመት ሙሉ በቤታችን ያልተነገረ ነገር ነው። የፓርኪንስን መጨረሻ አጥብቀው የጠየቁበት ምክንያት ያኔ ገባኝ፤ እንደ አያታቸው ስላሉ ሰዎች ያን የጻፈ ሰው ምን ዓይነት ሰው እንደነበር ማወቅ ፈልገው ነው። እኔም ያሰብኩትን ነገርኳቸው። መቀመጫዎቹ ንስሐ ናቸው ለማለት ማስረጃ የለኝም፤ እንዲያ ብዬ አልጽፍም። ነገር ግን የአድዋው ቀጥቃጭ ሊገፋበት የቻለውን የእጅ ሥራ ይህ ሰው በክብር ቦታ፣ በመቅደስ ውስጥ፣ በስሙ አኑሮታል። መንደሩም እስከ ዛሬ በዚያ ያነሣዋል። ቅድመ አያቴ የሠሩት ማረሻ ግን ስም አልተጻፈበትም፤ ይህ ያናድደኛል፣ ለአባቴም አልደበቅኋቸውም።

«በይ ተይው» አሉኝ፤ ድምፃቸው ግን ቀለል ብሎ ነበር። ቀጥለው የቀጥቃጭ የልጅ ልጅ የሚጠይቀውን ጠየቁ። «እንጨቱን በምን ነው ያጋጠመው? በምስማር ነው ወይስ አንዱን ካንዱ ሰክቶ?»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አዛውንቷ ቁልፉን ይዘው እንደሚጠብቁኝ ነግረውኛል፤ የእጅ ባትሪ ይዤ እሄዳለሁ።